ሃምሳ ከመቶ እና የስሜን ደገኛ ደም፦ ከጁሊያን ሳቩለስኩ ጋር የሚደረግ ሙግት

ሰውን በቴክኖሎጂ ማጎልበት ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ክርክር ውስጥ ደጋግመው የሚነሡት ሥራዎች ይታወቃሉ። ሐበርማስ በ2001 ወላጆች የልጃቸውን ዘረመል አስቀድመው መምረጣቸውን ተቃወሙ፤ ፉኩያማ በ2002 መንግሥት እጁን ያስገባ አሉ፤ ማይክል ሳንደል ደግሞ በ2004 በድርሰት፣ በ2007 በመጽሐፍ፣ ሕይወትን እንደ ስጦታ የመቀበል መንፈስ እንዳይጠፋ ሰጉ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሐበርማስና ከፉኩያማ ጋር እዚህ ጠብ የለኝም፤ ወደ ሳንደልም ኋላ ላይ እመለሳለሁ። ሙግቴ ከሥነ ምግባር ፈላስፋው ከጁሊያን ሳቩለስኩ ጋር ነው። እሳቸው ክርክሩን ከመጪው ዘመን አውርደው ዛሬ በሚሮጥ ሰው ደም ሥር ውስጥ አስገብተውታል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ተመልካቾች አይደለንም።

ሳቩለስኩ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 መጨረሻ በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ አበረታች ቅመሞች ይፈቀዱ ይላል። የሙግቱ አከርካሪ ኢፒኦ ነው፤ ቀይ የደም ሴልን የሚያበዛውና በአብዛኛው ለኩላሊት ሕሙማን የሚታዘዘው መድኃኒት። ፊንላንዳዊው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ኤሮ ማንቲራንታ በ1964 በኢንስብሩክ ኦሊምፒክ ወርቅ ሲያጠልቅ፣ በውርስ ያገኘው የዘረመል ለውጥ ደሙን በቀይ ሴል አበልጽጎለት ነበር። ይህ ካልተከለከለ፣ ይላሉ ሳቩለስኩ፣ ተፈጥሮ የነፈገችው ሰው ያንኑ በመርፌ ቢያገኝ ምን ነውር አለው? ተራራ ላይ መሠልጠን ተፈቅዷል፤ የተራራ አየር በሚፈጥር ድንኳን ውስጥ ማደርም ተፈቅዷል፤ ኢፒኦ ደግሞ ከድንኳኑ ይረክሳል። እንግዲያው መድኃኒቱን ማሳደድ ትተን ጤናን እንለካ፤ ሄማቶክሪት፣ ማለትም ቀይ ሴሎች በደም ውስጥ የሚይዙት ድርሻ፣ ከ50 ከመቶ እስካላለፈ ድረስ ሯጩ ይሩጥ።

ሙግቱ ያማረ ነው። የቆመው ግን በአንድ እግሩ ነው፦ ተፈጥሮ አዳልታ ለአንዱ የሰጠችው ጸጋ በደም ቁጥር ይታያል፣ ስለዚህም በደም ቁጥር ይስተካከላል በሚል እምነት።

ይህን እምነት የሚያናጋ ጥናት ጽሑፉ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ2002፣ ታትሞ ነበር። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢያልና ባልደረቦቻቸው፣ ኢትዮጵያዊው አምሃ ገብረ መድኅን ጭምር፣ በስሜን ተራሮች ከባሕር ወለል በላይ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመሩ። እዚያ አየሩ ስስ ነው። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪ ይህን የሚቋቋመው ደሙን ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን አወፍሮ ነው። የስሜን ወንዶች አማካይ ሄሞግሎቢን ግን በዴሲሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ በባሕር ወለል ደረጃ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም በአማካይ 95.3 ከመቶ ነበር። ዳገትና ቁልቁለቱን በእግሩ ሲወጣና ሲወርድ የሚውለውን ገበሬ ደም ብቻ ያየ ሐኪም፣ ሰውዬው ቆላ ይኑር ደጋ መለየት ይቸግረዋል።

አሁን የሳቩለስኩን ጣሪያ እዚህ እንሞክረው። ሐኪሞች እንደለመዱት ሄሞግሎቢኑን በሦስት ብናባዛ የስሜኑ ወንድ ሄማቶክሪት 48 ገደማ ይሆናል። 42 ያለው ተወዳዳሪ በመርፌ 8 ነጥብ ይጨምራል፤ ደገኛው 2 ብቻ። ሁለቱም 50 ሲሞሉ «ተስተካከሉ» ይባላል። ሆኖም ደገኛው ስሱን አየር የሚረታበት ብልሃት ቁጥሩ ውስጥ ስላልነበረ የሚታየው ልዩነት ይጠፋል፤ የማይታየው እንዳለ ይቀራል። ማንቲራንታስ? ደሙ በተፈጥሮው ከጣሪያው በላይ ስለነበር ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠው ይባረራል፤ ከተሰጠው ደግሞ ማስተካከሉ ቀረ።

በ2012 የታተመውና ቢያልና አምሃ የተሳተፉበት የዘረመል ጥናት በባሌ ደጋ ያሉ ኦሮሞዎች በስሜን ደጋ ካሉት አማሮች የላቀ ሄሞግሎቢን እንዳላቸው አሳይቷል፤ እነ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው በቆጂም ያለችው አርሲ እንጂ ስሜን አይደለም የሚል ይኖራል። ልክ ነው። የስሜኑ ጥናት በሯጮች ላይ አልተሠራም፤ ስለ ሜዳሊያ ምንም አይነግረንም፤ ድምዳሜዬም በዚያው ልክ ይያዝልኝ። ይሁንና ተቃውሞው እኔኑ ያግዛል። በአንድ አገር ሁለት ደገኞች ያንኑ ስስ አየር በሁለት መንገድ ከተቋቋሙት፣ አንድ ቁጥር የዓለምን ሯጭ ሁሉ ይዳኛል ማለት የባሰ ያስቸግራል።

ጣሪያው ሳይሞከር የቀረም አይደለም። የዓለም ብስክሌት ማኅበር በ1997 ይህንኑ 50 ከመቶ ደነገገ። ወዲያው ጣሪያው ዒላማ ሆነ፤ ብዙዎች እስከ አፋፉ ድረስ ወጡ፤ ምርመራ ሲመጣ ደማቸውን በጨው ውሃ የሚያቀጥኑም ነበሩ። ማርኮ ፓንታኒ በ1999 ጂሮ ዲታሊያን እየመራ፣ ውድድሩ ሊያልቅ ሲል፣ 52 ተገኝቶበት ተባረረ።

የርካሽነቱም ነገር የብልቃጡን ዋጋ ብቻ የቆጠረ ሒሳብ ነው። ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ደም ከመጠን በላይ ሲወፍር ይረጋል፣ ልብና አንጎልን ይመታል፤ ስለዚህ ሐኪምና ተደጋጋሚ ምርመራ ግድ ነው። የዓለም የፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ ዕውቅና የሰጠው ላቦራቶሪ እንኳ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ክለብ ለመግባት የሚሮጥ የገጠር ልጅ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ በሚውልበት ከተማ፣ መድኃኒቱን የት ያኖረዋል? ሳቩለስኩ ሰው ከፈረስ የሚለየው በመምረጡ ነው ይላሉ። ቤተሰብ የሚጠብቀው፣ ፓስፖርቱና የውድድር ግብዣው በማናጀር እጅ ያለ የ19 ዓመት ልጅ ግን ሌሎቹ ሁሉ 50 ከሞሉ በኋላ የሚቀርለት ምርጫ መሙላት ወይም መቅረት ነው።

ታዲያ ሳንደል ረቱ ማለት ነው? አይደለም። ቴክኖሎጂ ከሩጫ ጋር ከተዋወቀ ቆይቷል፤ የአበበ ቢቂላን ባዶ እግር የሚያነሣ ሁሉ አበበ በ1964 በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ከሮም በፈጠነ ሰዓት ማሸነፉን አይርሳ። በ2017 ገበያ የገባው የካርቦን ንጣፍ ያለው ጫማ የሯጩን ጉልበት 4 ከመቶ ያህል እንደሚቆጥብ በላቦራቶሪ ታየ። የዓለም አትሌቲክስ በ2020 ወሰን አበጀለት፦ የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊሜትር፣ ንጣፉም ከአንድ አይብለጥ አለ። በ2021 ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን በ2:09:22 ቀድሞ ገባ፤ ጥቂት ቆይቶ የጫማው ሶል 5 ሴንቲሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉ ተነጠቀ። አንዲት ሴንቲሜትር ብዙ አስከፈለችው፤ ጫማው ግን ወለቀ፣ ደሙም እንደነበረ ነው። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 የሮጠችበት ጫማ 138 ግራም ይመዝን ነበር፤ ዋጋው 500 ዶላር። ይህ ዋጋ ያሳስበኛል፤ ቢሆንም በገንዘብ የሚፈታ በደል ነው።

ስለዚህ የማቀርበው መስፈርት ከሁለቱም ምሁራን ይለያል። ማጎልበቻው ተፈጥሯዊ መሆኑን ወይም አስጊ አለመሆኑን ከመጠየቅ በፊት፣ የሯጩ ውል ሲያበቃ ከገላው ይወልቃል ወይ፣ ካልወለቀስ መዘዙን የሚሸከመው ማን ነው ብለን እንጠይቅ። ኢፒኦ በዚህ መስፈርት ይወድቃል፤ ጫማው ከነዋጋው ያልፋል።

የሳቩለስኩን ሐሳብ ወደ ሜዳ ያወረዱ ሰዎች ተገኝተዋል። አበረታች ቅመም የሚፈቅደውና ለላስ ቬጋስ የታቀደው «ኢንሃንስድ ጌምስ» በ2025 ያሳወቀው የውድድር ዝርዝር የአጭር ርቀት ዋና፣ የ100 ሜትርና የመሰናክል ሩጫ እንዲሁም ክብደት ማንሳት ነበር። የኢፒኦ ሙግት ሁሉ የተገነባበት የረጅም ርቀት ውድድር አንድም አልገባበትም።