የኤሌክትሪክ ምጣድ ማሞቂያ ሽቦ ብልሽት መለያ

ምጣድ ካልጋለ በቅድሚያ ሶኬቱ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ይረጋገጣል። ቀጥሎም ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከሸክላው ሥር የተዘረጋው ማሞቂያ ሽቦ ሁለት ጫፎች በባለሙያ በቴስተር ይለካሉ። በ220 ቮልት 3,500 ዋት ለሚወስድ ምጣድ ንባቡ 14 ኦም ገደማ ነው። ንባቡ ትክክል ከሆነ ብልሽቱ በገመዱ ወይም በማብሪያው ላይ ይፈለጋል፤ ቴስተሩ ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል። በሽቦውና በብረት አካሉ መካከል ግንኙነት ካለ ምጣዱ ሰውን ሊይዝ ስለሚችል አገልግሎት ላይ መዋል የለበትም።

የተበጠሰን ሽቦ አሳጥሮ መቀጠል የሚስበውን ኃይል ይጨምራል፤ የላላ መጋጠሚያም ከመጠን በላይ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለሆነም በመርካቶ አንዋር መስጊድ ሰፈርም ሆነ በሌላ ስፍራ ምትክ ሽቦ የሚገዙ ተጠቃሚዎች ዋቱ ከምጣዱ ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ሊያረጋግጡ ይገባል።