ሳጥን የሆነው ፊደላችን

ታላላቆቻችን ኢንተርኔት ካፌ ገብተው አማርኛ ድረ ገጽ ሲከፍቱ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠብቃቸው ፊደል ሳይሆን የተደረደረ ባዶ ሳጥን ነበር። ለምን? ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን የግዕዝ ፎንት አልያዘም። ስለዚህ ፎንት አውርዶ መጫን፣ አንዳንዴም ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ኢንኮዲንጉን ወደ ዩቲኤፍ-8 መቀየር ግድ ነበር። በማግስቱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጡስ? እንደገና ከሀ መጀመር! ኒያላ የተባለውን ፎንት የያዘው ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ሲቀርብ ጣጣው ቀለለ።

እኛ ዛሬ ብራውዘር ከፍተን ዝም ብለን እናነባለን። ከዩኒኮድ በፊት ግን የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደሉን በየራሳቸው ኮድ ያስቀምጡ ነበር። የዚያን ጊዜ ጽሑፍ ያለ ፎንቱ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ነው፤ በአማርኛ ብንፈልገውም አናገኘውም። እናም ቤታችሁ ያረጀ ፍሎፒ ወይም ሲዲ ካለ አትጣሉት። የተጻፈበት ፎንት ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ እንቀይረው። አለዚያ ዛሬ ፊደል አለን ብለን ስንኮራ፣ ትናንት የተጻፈው እጃችን ላይ ይጠፋል።