እንስራው ሳሎን ሲገባ

ክረምቱ ወጥቶ መፀው ሲገባ ቤት ማሳመር የጎጃም የቆየ ልማድ ነው። የድሮዋ የጎጃም እናት ግን አሮጌ ዕቃ ደርድራ ቤቷን አስጊጣ አታውቅም። ዝናብ ያበላሸውን ግድግዳ በእበት ትለቀልቃለች፣ ቄጠማ ትጎዘጉዛለች፣ አደይ አበባ ታስገባለች። ጌጥ ማለት ትኩስ ነገር ነበር። እንስራ የውሃ፣ ጋን የጠላ፣ አገልግል የስንቅ፣ ቁርበት የመኝታ ነው፤ "ቅርስ" ያላቸው አልነበረም።

ዕቃዎቹ ጌጥ የሆኑት ሥራቸውን ሲነጠቁ ነው። ጀሪካን እንስራን ከሴቶች ጀርባ አወረደው። (በዚህ የሚያዝን ካለ እንስራውን ሞልቶ አንድ ዳገት ይውጣበት።) ቁርበቱን ስፖንጅ ፍራሽ ተካው። ዛሬ በደብረ ማርቆስም በአዲስ አበባም ጠርዙ የተሸረፈ እንስራ ታጥቦ፣ አደይ አበባ ተሰክቶበት ቴሌቪዥን አጠገብ ይቆማል።

ዕቃው መትረፉ ደግ ነው። ሠሪውስ? እንስራውን ያበጀችው ሸክላ ሠሪ፣ ቁርበቱን ያለፋው ፋቂ "ቡዳ" እየተባሉ ነው የኖሩት። ብዙዎቹ ርስት አልነበራቸውም፤ ከባላገሩ ጋርም አይጋቡም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁም ከንጉሡም በላይ ዕድሜ አገኘ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሻረ፤ ጋብቻ ግን በአዋጅ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ለአሮጌው እንስራ ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው፣ ገበያ ዳር አዲስ ጀበና ዘርግታ የተቀመጠችውን ሸክላ ሠሪ ዛሬም "ቀንሺ እንጂ!" ይላታል።