አንድ ሰው፣ ሁለት መዝገብ፦ ተደጋጋሚ የደንበኛ መዝገቦችን የማዋሃድ ሥራ አመጣጥ

በንግድ ሶፍትዌር ውስጥ አንድ ደንበኛ በሁለትና በሦስት መዝገብ ተመዝግቦ ሲገኝ መዝገቦቹን ወደ አንድ ማምጣት ተራ የማጥራት ሥራ ቢመስልም፣ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች አንድን ሰው ማመልከታቸው በምን ይታወቃል የሚለው ጥያቄ ከኮምፒውተር መፈልሰፍ የቀደመ ነው።

ከቀደምቶቹ መልሶች አንዱ አሜሪካዊው ሮበርት ራስል እ.ኤ.አ. በ1918 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ በኋላም ተሻሽሎ ሳውንዴክስ የተባለው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል እንዳለ ተጠብቆ፣ ተከታዮቹ ተነባቢዎች እንደ ድምፃቸው ዝምድና ከ1 እስከ 6 ባሉ አኃዞች ስለሚተኩ፣ ሮበርትና ሩፐርት አንድ ዓይነት መለያ ያገኛሉ። የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በ1935 ከወጣ በኋላ የልደት ማስረጃ የሌላቸው ሰዎች ዕድሜ በቀድሞ የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች መረጋገጥ ስለነበረበት፣ ለቅጾቹ በዚሁ ዘዴ የስም ማውጫ ተዘጋጀላቸው።

ሐኪሙ ሃልበርት ደን በ1946 የአንድን ሰው ከልደት እስከ ሞት የተበታተኑ ሰነዶች የማገናኘትን ተግባር «መዝገብ ማዛመድ» በሚል ስያሜ አቀረበ። በ1959 ካናዳዊው የዘረ መል ተመራማሪ ሃዋርድ ኒውኮምና ባልደረቦቹ የብሪቲሽ ኮሎምቢያን የጋብቻና የልደት መዝገቦች በኮምፒውተር ሲያዛምዱ፣ በብዙዎች ዘንድ በሚገኝ ስም መመሳሰል ደካማ፣ ብዙም በማይገኝ ስም መመሳሰል ግን ጠንካራ ማስረጃ መሆኑን በአኃዝ መመዘን ቻሉ። ይህን አሳብ ኢቫን ፈለጊና አለን ሰንተር በ1969 በሒሳብ ንድፈ አሳብ ሲያጸኑት፣ ጥንድ መዝገቦችን በሦስት ከፈሏቸው፤ አንድ መሆናቸው የተወሰነላቸው፣ የተለያዩ መሆናቸው የተወሰነባቸው፣ እንዲሁም አጠራጣሪ በመሆናቸው በሰው ዓይን የሚመረመሩ ናቸው።

እነዚህ ዘዴዎች የተቀረጹት የቤተሰብ ስም ባለበት ማኅበረሰብ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ የደንበኛ መዝገቦች ላይ ሲሠራባቸው ጥንቃቄ ይሻሉ። ሁለተኛው ስም የአባት ስም ስለሆነ ወንድምና እኅት ሲጋሩት ባልና ሚስት ግን አይጋሩትም፤ ከዚህም በላይ አንዱ ስም «ኃይሉ»ም «ሀይሉ»ም ተብሎ ሊጻፍ፣ በላቲን ፊደል ሲገለበጥም በርካታ መልክ ሊይዝ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. አዋጅ የጸናው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት በስም ፋንታ የጣት አሻራን፣ የዓይንንና የፊትን ምስል በማነጻጸር አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ለማድረግ የተዘረጋውም ስም ብቻውን ለመለያነት ስለማይበቃ ነው።

መዝገቦችን በማዛመድ ላይ ከሚፈጠሩት ሁለት ዓይነት ስሕተቶች የከፋው የትኛው እንደሆነ ማመዛዘን ግን ከሒሳቡ ውጭ የሚቀር ጉዳይ ነው። አንድን ደንበኛ በሁለት መዝገብ መተው ድርብ ደብዳቤ ወይም የተጓደለ የሒሳብ መግለጫ ሲያስከትል፣ ሁለት ሰዎችን በስሕተት ማዋሃድ የአንዱን ዕዳ በሌላው ላይ ይጭናል፤ የተዋሃደውን መልሶ መለየትም አብዛኛውን ጊዜ ከማዋሃዱ ይከብዳል። ስለዚህ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ አጠራጣሪዎቹን ጥንዶች መርምሮ የሚወስን ኃላፊ ሠራተኛ መመደብ ከ1969 ጀምሮ የንድፈ አሳቡ አካል ሆኖ ቆይቷል።