የጋይንት ወተትና የጾም ምሽት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ወተት ይበላ ወይስ ይቆይ የሚለው የሚወሰነው ማታ ነው። ከብቱ ከግጦሽ ሲገባ ጥጃው ተፈትቶ ጥቂት ይጠባል፤ ላሟ ወተት ስታወርድ ጥጃው ይያዝና ትታለባለች። የአገሩ ላም በቀን የምትሰጠው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ቢሆን ነው። ያ ጥቂት ወተት ለእራት ይቅረብ ወይስ ለቅቤ ይጠራቀም የሚለውን ቀኑ ይወስነዋል። ማክሰኞ ማታ እንጀራ በእርጎ የቀረበበት ቤት ረቡዕ ጾም ነውና ማታ ቅቤ የሌለበት ሽሮ ይበላል።

ማታ የሚበላ ወተት በሌላም አገር ሕግ ወጥቶለታል። የሕንድ የጥንት ሕክምና፣ አዩርቬዳ፣ ከዋና መጻሕፍቱ አንዱ የሆነው ቻራካ ሳምሂታ እርጎ በሌሊት እንዳይበላ ይከለክላል። የሕንዱ ደንብ የሐኪም ነው፤ የጋይንቱ የቤተ ክርስቲያን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት 15ኛ አንቀጹን ለጾም ሰጥቷል። ረቡዕና ዓርብ ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የነነዌ ጾም ሲጨመር ወተት የማይቀመስበት ጊዜ ወደ ዓመቱ እኩሌታ ይደርሳል።

ሥርዓቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ኢትዮጵያን ያየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐቢይ ጾም ሕዝቡ ከወተትና ከቅቤ እንደሚርቅ ጽፏል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ደግሞ ጾሙ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1625 የመጡት የካቶሊክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በረቡዕ ፈንታ ቅዳሜ እንዲጾም የሮማን ልማድ አስገቡ። ላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ሸፈተ፤ ጋይንት ያለበት በጌምድርም የጦር ሜዳ ሆነ። ሕዝቡን ለማብረድ ከተሰጡት ፈቃዶች አንዱ የፈለገ ረቡዕን ይጹም የሚል ነበር። አልበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፣ ዙፋኑም ለፋሲለደስ ተላለፈ።

ሰው ይጾማል፤ ላም ግን በጾምም ትታለባለች። የአገሩ የወተት ሙያ የረቀቀው እዚህ ላይ ነው። ወተቱ የሚረጋበትና የሚናጥበት ቅል ታጥቦ በወይራና በጥንጁት ይታጠናል፤ ጭሱ መዓዛ ይሰጠዋል፣ ወተቱንም ቶሎ ከመበላሸት ይጠብቃል። የየቀኑ ወተት እየተጨመረበት ይረጋል። የጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ እንዲህ ባለ ደጋ ወተት ለመርጋት ይዘገያል፣ ለመናጥም ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ወደ ምድጃው ይጠጋል። የምትንጠው ሴት ቅሉን ወዲያና ወዲህ ስትወዘውዝ ጆሮዋ ድምፁ ላይ ነው። ድምፁ ሲለወጥ ቀጭን ሰንበሌጥ ትነክርና ታወጣለች፤ የቅቤ ፍሬ ከተጣበቀበት ደርሷል። ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው ይቀራል፤ አሬራው ለዘብ ባለ እሳት ሲሞቅ አይብና አጓት ይለያሉ። ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ከተነጠረ ወራት ይቆያል። ጾሙ ያስቀረውን ወተት እስከ ፋሲካ የሚያደርሰው ይህ እውቀት ነው፤ የአገሩ ሴቶች በእጃቸው ያቆዩት ትልቅ ሀብት ነው።

ደንቡ ሁሉንም እኩል አይዝም። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ በጾም ማታም ወተቱን ይጠጣል፤ ብልሃተኛ ቤትም የጾሙን ድስት ከፍስኩ ይለያል። የዐቢይ ጾም ዋዜማ፣ የቅበላ እሑድ ማታ፣ በቤት የተረፈ እርጎና አይብ የሚያልቅበት ነው። ከዚያ በኋላ ቅቤ ወደ ወጥ የሚመለሰው ትንሣኤ ሌሊት፣ ከቅዳሴ መልስ ነው።

ይህን ሁሉ ያቋረጠ ጊዜም ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን የከብት እልቂቱ ብዙውን ቤት ያለ ላም አስቀረው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብም ብዙ ቤት ከብቱን አጣ።

ጋይንት ባለበት በደቡብ ጎንደር ገጠር ጥሬ ወተት መሸጥ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ለገበያ ይወጣ የነበረው ቅቤ ነው። በከተሞች ወተት በሊትር መሸጥ ሲለመድ ግን አሮጌው ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ ጾም ሲገባ ገዢ ይጠፋል፣ የተዳቀለችው ላም ግን ከአገሩ ላም አብልጣ ትታለባለች። ስለዚህ ለጋይንትና ለስማዳ የወተት ልማት የሚያቅድ ሁሉ ዕቅዱን ከአጽዋማት አቆጣጠር ጋር ያገናዝብ፤ ወተት መሰብሰቢያ ከማቋቋሙ በፊትም ጥሩ መናጫና ቅቤ ማቆያ ለሴቶቹ ያቅርብ።