ለአሮጌ ዶዘር የትኛው ዘይት?

አርባና ሃምሳ ዓመት ያገለገለ የሰንሰለት ዶዘር በጨረታ ገዝቶ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ሰንሰለቱና ስለ ሞተሩ እድሳት ነው፡፡ ዘይቱን ‹‹ከማደያ እንገዛለን›› ብሎ ያልፈዋል፡፡ ባለፈው በጋ ቢቸናና ሞጣ ላይ እንዲህ ያሉ ሁለት ማሽኖችን እንዳይ ተጠርቼ ነበር፡፡ የሁለቱም ሞተር ይነሳል፤ የሁለቱም ጣጣ ግን ከዘይት ጋር የተያያዘ ነው፡፡ የቢቸናው ወደ ቀኝ አልታጠፍ ብሏል፡፡ የሞጣው ደግሞ ማንም ሳይጨምርበት የሞተር ዘይቱ መለኪያው ላይ ከፍ እያለ ሄዷል፡፡ ባለቤቱ ‹‹ዘይት የማይበላ ሞተር ነው›› እያለ ሲያመሰግነው ነበር፡፡

ማሽኖቹ የሌላ ዘመን ልጆች ናቸው፡፡ በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር ታግዞ የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሥራውን ሲጀምር ዶዘር ማለት ቀላል ማሽን ማለት ነበር፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ በእጅ የሚገባ ማርሽ፣ ብዙ ብረትና ጥቂት ጎማ፡፡ እንደ ካተርፒላር ዲ-7 እና ዲ-8 ያሉት ለረጅም ዓመታት ሲሠሩ በየጊዜው ውስጣቸው ስለተቀያየረ ‹‹ዲ-7 ነው›› ማለት ብቻ ዘይት ለመምረጥ አይበቃም፡፡ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ያለውን የሴሪ ቁጥር ጽፎ መያዝ፣ ከዚያ በዚያ ቁጥር መመሪያውን መፈለግ ነው፡፡ ሰሌዳው ከወለቀ ቁጥሩ ሞተሩ ብሎክ ላይ ተመትቶ ሊገኝ ይችላል፡፡

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ የድሮ መመሪያዎች የሚጠቅሷቸው የዘይት ደረጃዎች ዛሬ ገበያ ላይ የሉም፡፡ ‹‹ሲሪየስ 3›› የሚል ካያችሁ እ.ኤ.አ. በ1955 ከወጣው የኤፒአይ ሲዲ ደረጃ ጋር የሚመጣጠን ነው፡፡ ሲዲን በ1994 ሲኤፍ ተካው፤ ሲኤፍም ከደረጃ ዝርዝሩ ወጥቷል፤ ሆኖም በቆርቆሮና በበርሜል ላይ ስሙ አሁንም ይታያል፡፡ ለአሮጌ ዶዘር የእኔ ምርጫ ከታመነ ሻጭ የተገኘ ሲኤፍ ኤስኤኢ 30 ነው፡፡ እሱ ከጠፋ ሲአይ-4 የሆነ 15 ደብሊው 40 ያለ ሥጋት ይገባል፡፡ በጣም አዲሱና ውዱ ሲኬ-4 ለእነዚህ ሞተሮች የሚጨምረው ነገር የለም፤ የተሠራው የጭስ ማጣሪያ ላላቸው ዘመናዊ ሞተሮች ስለሆነ አመዱ እንዲቀንስ ተደርጓል፡፡

አመዱ ለምን ይጠቅማል? በናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝ ሲቃጠል አሲድ ይፈጥራል፡፡ ያንን አሲድ የሚያረክሰው ዘይቱ ውስጥ ያለው ቅመም ሲሆን መለኪያው ቲቢኤን ይባላል፤ አመዱም የዚሁ ቅመም ቅሪት ነው፡፡ የድሮዎቹ የካተርፒላር ሞተሮች ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ያላቸው በመሆናቸው የፋብሪካው ሕግ ጠበቅ ያለ ነው፤ የአዲሱ ዘይት ቲቢኤን በናፍጣው ውስጥ ካለው የድኝ መቶኛ ሃያ እጥፍ ይሁን ይላል፡፡ ድኙ ግማሽ በመቶ ከሆነ ቲቢኤን 10 ያስፈልጋል ማለት ነው፡፡ ዘይት ሻጩን ይህን ቁጥር ጠይቁት፤ ካላወቀው የምርቱን መግለጫ ወረቀት ያምጣ፡፡

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፡፡ እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል፡፡ ቱርቦ የሌለው ሞተር ግን ፖምፓው የሚልክለት ናፍጣ ያው ነው፤ ስለዚህ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጥላሸቱም ወደ ዘይቱ ይወርዳል፡፡ ጠዋት ብርዱ ስላለ ኤስኤኢ 40 ለመነሻ ሞተሩ ይከብደዋል፤ ኤስኤኢ 30 የምለውም ለዚህ ነው፡፡ ማሽኑ ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ዓባይ በረሃ ውስጥ የሚከርም ከሆነ ግን ኤስኤኢ 40 ይሻላል፡፡ በመመሪያው ላይ 250 ሰዓት የሚል የለውጥ ጊዜ ቢኖርም እኔ በዚህ ደጋ ላይ በ125 ሰዓት አስለውጣለሁ፡፡ የሰዓት ቆጣሪው አብዛኛውን ጊዜ የሞተ ስለሆነ በናፍጣ በርሜል መቁጠር ይቻላል፤ በሰዓት 20 ሊትር የሚጠጣ ማሽን አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል በአሥር ሰዓት ይጨርሳል፤ አሥራ ሁለት በርሜል ተኩል ሲያልቅ ዘይቱ ይቀየር፡፡ ለዓመታት በርካሽ ዘይት የኖረ ሞተር ጥሩ ዘይት ሲያገኝ የተጋገረውን ቆሻሻ እየፈታ ፊልትሮውን ሊደፍን ስለሚችል የመጀመሪያውን ለውጥ በሃምሳ ሰዓት አድርጉት፡፡

የሞጣው ‹‹ዘይት የማይበላ›› ሞተር ዘይት ሳይሆን ናፍጣ እየጨመረ ነበር፡፡ ጠብታውን በጣቶቻችን መካከል አሸት አሸት አድርገን ስናሸተው ናፍጣ ናፍጣ ይላል፡፡ ከናፍጣ ፖምፓው ወደ ካርተር የሚያሳልፍ ጎማ አልቆ ተገኘ፡፡ በዚያ ሁኔታ ጥቂት ሳምንት ቢሠራ ብሮንዚናዎቹ ባልተረፉ፡፡ ትንሿ የቤንዚን መነሻ ሞተር ካለችም የራሷ የዘይት ማጠራቀሚያ አላት፤ ኤስኤኢ 30 ይበቃታል፡፡ ብዙ ኦፕሬተሮች መኖሩንም ይረሱታል፤ ቤንዚን በቀላሉ ስለሚቀላቀልበት ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት፡፡

አሁን ወደ ካምቢዮው፡፡ እዚህ ላይ ገንዘብ የሚያስወጣ አንድ የቁጥር ውዥንብር አለ፡፡ የማርሽ ዘይት 90 ከሞተር ዘይት 50 በእጥፍ የወፈረ ይመስላል፤ ግን ሁለቱ የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ስለሆነ በ100 ዲግሪ ሙቀት ውፍረታቸው ተቀራራቢ ነው፡፡ ልዩነቱ ቅመሙ ነው፡፡ ጂኤል-5 የሚባለው የማርሽ ዘይት ለመኪና ዲፈረንሲያል የተሠራ ሲሆን ብዙ የድኝና የፎስፈረስ ቅመም አለበት፤ ያ ቅመም ነሐስን ሊበላ ይችላል፣ በዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮንንም ያንሸራትታል፡፡ የቢቸናው ማሽን መሪ ፍሪሲዮኖች በዘይት ውስጥ የሚሠሩ ዓይነት ናቸው፡፡ አንድ ሰው ‹‹ወፍራም ከሆነ ይቋቋማል›› ብሎ ከካምቢዮ እስከ መጨረሻው ማርሽ በሙሉ ጂኤል-5 ሞልቶታል፡፡ ሁለት ጊዜ አጥበን ኤስኤኢ 30 የሆነ ቲኦ-4 ዘይት ስናስገባ ግራው ተስተካከለ፤ የቀኙ ሰሌዳዎች ግን ተቃጥለው ስለነበር መለወጥ ግድ ሆነ፡፡

ቲኦ-4 ካተርፒላር እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ደረጃ ነው፡፡ ፓወር ሺፍት ካምቢዮና በዘይት የሚሠራ ፍሪሲዮን ላለው ማሽን ኤስኤኢ 30፣ ለመጨረሻው ማርሽ ኤስኤኢ 50 ይገባል፡፡ ካምቢዮው በእጅ የሚገባ ከሆነ መመሪያው ሰፋ ያለ ምርጫ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ጂኤል-5ንም ይፈቅዳል፡፡ ስለዚህ ጂኤል-5 በሁሉም ቦታ መርዝ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነሐስና ፍሪሲዮን ካለበት ይራቅ ነው የምለው፡፡ መሪ ፍሪሲዮናቸው ደረቅ በሆኑት የቆዩ ማሽኖች ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ዘይት ከተገኘ ማኅተም አፍስሷል ማለት ነው እንጂ ሊሞላበት አይገባም፡፡

በክረምት የዚያ አካባቢ ጥቁር አፈር ውኃ ቋጥሮ ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻው ማርሽ ድረስ ይቀብረዋል፡፡ ያረጀ ማኅተም ጭቃ ያስገባል፡፡ የመጨረሻውን ማርሽ መክፈቻ ጠዋት ማሽኑ ሳይነሳ ትንሽ ላላ አድርጉት፤ ውኃ ካለ ቀድሞ እሱ ይወርዳል፡፡ ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ፣ ወይም ጠብታው በጋለ ብረት ላይ ሲወድቅ ከተንጣጣ ሰዓቱን ሳትጠብቁ ቀይሩት፡፡ የሚያፈሰውን ለማቆም ግራሶ የሚጠቀጥቁ አሉ፤ ግራሶ ማርሹ ላይ እንደ ዘይት አይዞርም፣ ኩሽኔታው ይደርቃል፡፡

በርሜል ስትገዙ ማኅተሙን፣ የምርት ቁጥሩንና ክዳኑ ከዚህ በፊት የተከፈተ መሆኑን እዩ፡፡ ያገለገለ በርሜል እንደገና ተሞልቶ ሲሸጥ ከላይ በማየት አይለይም፡፡ ደጅ የሚቀመጥ ከሆነ ጎኑን አስተኙት፣ ሁለቱም ክዳኖች ከዘይቱ ደረጃ በታች ይሁኑ፡፡ ቆሞ የተቀመጠ በርሜል አናቱ ላይ የዝናብ ውኃ ያቁራል፤ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝም ውኃውን በክዳኑ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል፡፡