ጎማ ጎን ላይ የተጻፈ ታሪክ

ደጅዎ ላይ የቆመች መኪና ካለች እስቲ ጎንበስ ብለው የጎማዋን ጎን ያንብቡት። 175/70 R13 ወይም 195/50 R15 የሚል ነገር ያገኛሉ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት ነው፤ በሚሊሜትር። ሁለተኛው ሚሊሜትርም ኢንችም አይደለም፤ የጎማው ጎን ከፍታ ከስፋቱ መቶ እጅ ስንት እንደሆነ ይናገራል። የመጨረሻው የቸርኬው ዲያሜትር ነው፤ እሱ ደግሞ በኢንች። በአንድ መስመር ላይ ሦስት ዓይነት መለኪያ! እንዲህ ያለ ቋንቋ አንድ መሐንዲስ ቁጭ ብሎ አስቦ አያወጣውም። ያወጣው ታሪክ ነው። ለመኪናቸው ያማረ ቸርኬ የሚመርጡ ወጣቶች ይህን ታሪክ ቢያውቁት ገንዘባቸውንም ነፍሳቸውንም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የቮልስ ጎማ ላይ 5.60-15 ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ስፋቱም በኢንች፣ ቸርኬውም በኢንች። የጎኑን ከፍታ የሚጽፍ አልነበረም፤ ለምን ቢባል ከፍታው ከስፋቱ ጋር ተቀራራቢ ስለነበር። ጎማ ማለት ድቡልቡል ነገር ነበር፣ አለቀ።

ይህን የለወጠው ሚሽሊን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። በ1946 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበትንና ከ1949 ጀምሮ የሸጠውን አዲስ ጎማ አመጣ፤ ራዲያል የምንለውን። በአሮጌው ጎማ ውስጥ ክሮቹ እርስ በርስ እየተሻገሩ በሰያፍ ይነጠፉ ነበር። በራዲያሉ ግን ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ከላያቸው የብረት ሽቦ መቀነት ይታሰራል። ውጤቱ ምንድነው? ጎኑ እንደልቡ ይተጣጠፋል፣ መሬት የሚነካው ፊቱ ግን ዝርግ እንዳለ ይቆያል። ፈረንሳዮቹ ስፋቱን በሚሊሜትር ጻፉ። ቸርኬውስ? የዓለም ቸርኬ በኢንች ተቀርጾ አልቋል፤ ስለዚህ ኢንቹ ቀረ። R የምትለዋ ፊደልም የዚያ ጎማ ምልክት ናት።

ይህን ድብልቅልቅ ለማጥራት የሞከረ አልጠፋም። ራሱ ሚሽሊን በ1975 ቲ አር ኤክስ የተባለ ጎማ አወጣ። ቸርኬው ሙሉ በሙሉ በሚሊሜትር የሚለካ ነው፤ ለምሳሌ 390፣ ማለትም 15 ኢንች ከሲሶ ገደማ። የጠርዙም ቅርፅ የተለየ ስለሆነ ሌላ ጎማ አይቀበልም። ጎማው ጥሩ ነበር፤ ፎርድ በ1979ኙ መስታንግ ላይ ለሚፈልግ ገዢ አቅርቦታል፣ የአውሮፓ መኪኖችም ተጠቅመውበታል። ችግሩ ጎማ ማለቁ ነው። ያኔ ባለመኪናው ጎሚስታ ዘንድ ሲሄድ ለእሱ ቸርኬ የሚሆን የሌላ ፋብሪካ ጎማ በቀላሉ አያገኝም፤ ወይ በውድ ይገዛል፣ ወይ አራቱንም ቸርኬ አውልቆ ይጥላል። ብዙው ሰው ቸርኬውን ጣለ። ዛሬ የቲ አር ኤክስ ጎማ የሚፈለገው ለጥንታዊ መኪና ሰብሳቢዎች ነው። ሎጂኩ ያማረው ተሸነፈ፣ ድብልቅልቁ ግን ይኸው እስካሁን አለ። ገበያ እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ስፖርት መኪናው እንምጣ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የጣሊያኑ ፒሬሊ ለላንቺያ ስትራቶስ የራሊ መኪና ፒ7 የሚባል ጎነ ዝቅተኛ ጎማ ሠራ፤ ከውድድሩ ሜዳም ወደ ጎዳና ወርዶ በፖርሽ 911 ቱርቦ ላይ ታሰረ። ከፊት 205/50፣ ከኋላ 225/50፣ ቸርኬው 15 ኢንች። ሞተሩ ኋላ ስለሆነ የኋላው ሰፋ። ጎኑ ሲያጥር መሪውን ጠምዘዝ ሲያደርጉት መኪናዋ ሳትወዛወዝ ወዲያው ትታዘዛለች። በ1978 ደግሞ ሞተሩ ወደ 3.3 ሊትር አደገና ፖርሽ ከ917 የውድድር መኪናው የተወሰደ ትልቅ ፍሬን ገጠመላት። ያኔ ቸርኬው 16 ኢንች ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ቁምነገሩ ያለው እዚህ ነውና። ቸርኬ ያደገው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ፈጣን መኪና ትልቅ የፍሬን ዲስክ ስለሚያስፈልጋት፣ ዲስኩም ቤት ስለሚፈልግ ነው። እኛ የምንቀዳው ቤቱን ነው። ፍሬኑ እንደነበረው ትንሽ ሆኖ፣ በሰፊው ቸርኬ ክፍተት አሻግረን ስናየው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠች ዱካ ይመስላል።

ደግሞስ ፈጣን መኪና ሁሉ ትልቅ ቸርኬ ነበራት ያለው ማነው? በ1976 ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ ጎልፍ ጂ ቲ አይ 175/70 HR13 ነበር የምታስረው። አሥራ ሦስት! ፎርሙላ ዋን እንኳ እስከ 2021 ድረስ በ13 ኢንች ቸርኬ ነበር የሚወዳደረው፤ ወደ 18 የተሸጋገረው በ2022 ነው። ከዚያ በፊት የዓለማችን ፈጣኖቹ መኪኖች ጎናቸው ወፍራም፣ ቸርኬያቸው ትንሽ ነበር፤ የጎማው ጎን እንደ ሞላ ያገለግላቸው ነበርና። (H የሚለው የፍጥነት ፊደል ነው፤ በሰዓት እስከ 210 ኪሎሜትር። በፊደል ተራው ግን ከ U እና ከ V መሃል ተሸጉጦ ታገኙታላችሁ፤ U 200 ነው፣ V 240። ሌሎቹ ፊደላት በኋላ ሲደረደሩ H የቆየ ነዋሪ ስለነበር ከቦታው የነቀለው የለም።)

የሰፈራችን አንድ ልጅ አሮጌ ዲኤክስ አለው። እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። 175/70 R13 ታስራለች፤ ስፖርት ቸርኬ ሊያደርግላት ፈልጎ መጣና «ጋሼ፣ 17 ነው የሚያምርባት» አለኝ። ብዕርና ወረቀት አወጣን።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 13 ኢንች 330 ሚሊሜትር ነው። የጎኑ ከፍታ የ175 ሰባ በመቶ፣ ማለትም 122.5 ነው፤ ከላይና ከታች ስላለ እጥፉ 245። ድምር፦ 575 ሚሊሜትር። መኪናዋ የምታውቀው ቁመት ይሄ ነው፤ የፍጥነት መቁጠሪያዋም ማርሽዋም የተሠራው ለዚህ ነው። አሁን 195/50 R15ን እንየው፦ 381 ሲደመር 195፣ እኩል ይሆናል 576። የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት! ቸርኬው በሁለት ኢንች አደገ፣ ጎማው ሰፋ፣ ቁመቱ ግን ያው ነው። ጨዋታው ሁሉ ይህ ነው፤ ቸርኬው ባደገ ቁጥር ጎኑን መቀነስ። ልጁ የፈለገው 205/40 R17 ግን 596 ይመጣል። መቁጠሪያው 100 ሲል መኪናዋ ወደ 104 ትሄዳለች፤ ሲታጠፉም ከፓራፋንጎው ጋር መፋተግ ይመጣል። ጎኑም ከ12 ሴንቲሜትር ወደ 8 ወረደ ማለት ነው። በእኛ መንገድ፣ ዝናብ ሞልቶት ጥልቀቱ በማይታወቅ ጉድጓድ ላይ፣ የቀነሱት አራት ሴንቲሜትር አየር ድንጋዩንና ቸርኬውን ለይቶ ያቆይ የነበረው ነው።

ክብደት የሚሸከመው ላስቲኩ አይደለም፤ አየሩ ነው። ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈችውን ትንሽ ቁጥር ብዙ ሰው አያያትም። 82 ከሆነ ጎማው 475 ኪሎ ይሸከማል፤ 78 ከሆነ 425። 175/70 R13 በአብዛኛው 82 ነው፣ 195/50 R15ም 82 ነው። በዚያው 15 ቸርኬ ላይ «ትንሽ ዝቅ ትበል» ብለው 195/45 ሲያስሩ ግን ወደ 78 ይወርዳል። በአንድ እግር 50 ኪሎ፣ በአራቱ 200። አራት ጓደኞች ጭኖ ወደ ደብረ ዘይት ለሚነዳ ልጅ ይህች ልዩነት ቀልድ አይደለችም።

ልጁ 17ቱን ተወው። የሄደበት ሱቅ ግን 15ቱን ሲያቀርብለት ሌላ ጉድ መጣ። ቸርኬው ባለ አራት ቀዳዳ ነው፤ የዲኤክሷም አራት ነው፤ ግን አይገጥምም። የእሷ ቡሎኖች የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትሩ 114.3 ሚሊሜትር ሲሆን የቸርኬው 100 ነው። በሜትር የሚለካ አገር ጃፓን 114.3 የሚባል ቁጥር ከየት አመጣ? አራት ተኩል ኢንች ነው! ያቺ ኢንች እዚህም ተደብቃ ኖራለች። ሻጩ «ምን ችግር አለው፣ ቀዳዳውን እናሰፋዋለን» አለ። ሰባት ሚሊሜትር ተፍቆ የሰፋ ቀዳዳ ዳዶውን በቅጡ አያስቀምጥም፤ እየላላ፣ ቡሎኑን እየበላ ይሄድና አንድ ቀን እግሩ ከመኪናዋ ቀድሞ ይደርሳል። ቸርኬው ሳይነካ የሚገጥም እስኪገኝ ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

ጎማውን ከሌላ ሱቅ ለመግዛት ሄድን። አራቱም 195/50 R15፣ አራቱም 82፣ አራቱም የሚያብረቀርቁ። በጎናቸው በትንሿ ሞላላ ክብ ውስጥ ያሉትን አራት አኃዞች እንዲያነብ ነገርኩት። የሁለቱ 3122 ይላል፤ በ2022 ዓ.ም. በ31ኛው ሳምንት የተሠሩ። የሁለቱ 0914። ልጁ ቁጥሩን በጣቱ እያሳየ «እነዚህ እኮ የ2014 ናቸው፣ አልፈልግም» አለ።

ሻጩ ከት ብሎ ሳቀ። «ጎማ እንጀራ ነው እንዴ የሚሻግተው?»

ይሻግታል። ፀሐይና አየር ላስቲኩን ያደርቁታል፤ ከውጭ እያብረቀረቀ ከውስጥ ይሰነጣጠቃል። ልጁ ሁለቱን 3122ዎች ከፍሎ ወሰደና ለቀሩት ሁለቱ ወደ ሶማሌ ተራ አመራን።